የጋሼ አሥራ አንድ ቁልፎች

ጥቅምት 4 ቀን

ይድረስ ለወንድሜ ለብሎን፣

ለጤናህ እንደምን ሰነበትህ? ሥራው፣ ብርዱ፣ ብቸኝነቱ እንዴት አድርጎሃል? እኛ ለሰጪው ምስጋና ይግባውና አለን። ስልክ ስደውልልህ አታነሳም። ደብዳቤ ሳታነብ እንደማትጥል ስለማውቅ ብዕር አነሳሁ። ለሰው «የአክስቴ ልጅ ነው» እልሃለሁ እንጂ፣ ከስድስት ዓመትህ ጀምሮ አባዬ እኩል ያሳደገን ነንና ብቆጣህ አትቀየመኝ።

አባዬን ስትሮክ ከመታው ሦስት ወር ሆነው። አንደበቱ ተይዟል። ቀኝ እጁ ጭኑ ላይ ተኝቷል። ከግራው ሁለት ጣት ተርፎለታል፣ አውራ ጣቱና ሌባ ጣቱ። ሐኪሙ «እነዚህም እስከ መቼ እንደሚታዘዙት አላውቅም፤ የሚጠይቁት ነገር ካለ አይዘግዩ» አለኝ። ጭንቅላቱ ግን ያው የድሮው ነው። ትናንት የሬዲዮ ክዳን አጣምሜ ስገጥም እንዴት አድርጎ በዓይኑ እንደገላመጠኝ ብታይ!

ሊናገር የሚፈልገው ነገር አለ። ጠረጴዛውን ይመታል፣ ወደ በሩ ያያል፣ ይተወዋል። እርሳስ በግራ እጁ አስያዝኩት፤ መስመር ብቻ ሆነ። የኮምፒውተር ኪቦርድ አቀረብኩለት፤ በአንዴ ሦስት ፊደል እየተጫነ ቢያስቸግረው በንዴት ገፋው። ሰውዬው ዕድሜውን ሙሉ የሰው የጽሕፈት መኪና ሲጠግን ኖሮ አሁን አንድ ቃል ማውጣት አቃተው።

ስለዚህ የራሱን ኪቦርድ ልሠራለት ቆርጬአለሁ። መጽሔት ላይ እንዳነበብኩት፣ ማይክሮኮንትሮለር የሚሏት ሚጢጢ የኮምፒውተር አንጎል ያለባት፣ የክብሪት ሳጥን የማታክል ርካሽ ቦርድ አለች። በዩኤስቢ ሲሰኳት ኮምፒውተሩ ኪቦርድ ናት ብሎ ይቀበላታል። ከዚያ የፈለጉትን ቁልፍ በፈለጉት ስፋት መቀጠል ነው። እዚህ በየሱቁ ዞሬ አጣኋት። አንተ የምትሠራበት መጋዘን ግን እንዲህ ያለው ዕቃ በየሳጥኑ የሚዘገን ነው ብለኸኝ ነበር። ቁጥሯን በሌላ ወረቀት ጽፌልሃለሁ። ሁለት ላክልኝ፣ አንዷን ባቃጥላት እንኳ። ሌላ ምንም አልፈልግም።

እህትህ


ኅዳር 11 ቀን

ለማከብርሽና ለምወድሽ እታለም፣

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስ። ጋሼን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ። እኔ ደህና ነኝ፤ ስልኩን የማላነሳው ሥራ ቦታ ስለሚከለከል ነው።

ሥራዬን ታውቂዋለሽ። እንደ መንገድ የረዘመ መደርደሪያ አለ፣ እኔ በመካከሉ ጋሪ እየገፋሁ እሄዳለሁ። ክንዴ ላይ የታሰረች መሣሪያ የሳጥን ቁጥር ትነግረኛለች። ትክክለኛውን ሳጥን ሳነሳ አንዴ ትጮሃለች፣ ስሳሳት ሁለቴ። ክፍሌን የምጋራው ዳቦ ጋጋሪ «ሚስት ብታገባ እንኳ እንደዚህ አትጮህብህም» ይለኛል። የደረቴ ካርድ ላይ «አሻጊ» ነው የሚለው። ጋሼ ሲያሠለጥኑኝ ያሰቡት ይኼን አልነበረም፤ ቢሆንም ደመወዙ አይዘገይም።

ቦርዶቹን ልኬአለሁ። የባልደረባዬ እህት ወደ እናንተ ስለምትመጣ በሻንጣዋ ይዛልሻለች። በሥራ መውጫዬ ላይ እየተጣደፍኩ ነው ያነሳኋቸው። ከሁለቱ በተጨማሪ ቀጭን ሽቦና የመበየጃ ጫፍ ጨምሬበታለሁ፤ የአንቺ ጫፍ አልቆ ምስማር እንደሆነ አልጠራጠርም።

ለመሆኑ ጋሼ ምን ሊጽፉ ይሆን? ገምተሻል? እንዲያው ለማወቅ ያህል ነው።

ወንድምሽ ብሎን


ታኅሣሥ 20 ቀን

ለወንድሜ ለብሎን፣

ሰላም ላንተ ይሁን፤ እጅህ ይባረክ። ዕቃው በሰላም ገባ። ልጅቷ ሱቁ ድረስ ይዛልኝ መጣች፤ ሻይ እንኳ ሳትጠጣ ሄደች።

ኪቦርዱን ብታየው! ከአባዬ አሮጌ የጽሕፈት መኪና አሥራ አንድ ቁልፍ ነቅዬ በመሳቢያ ጣውላ ላይ ተከልኳቸው። በጎን የፊደል ገበታውን ለጠፍኩና በየረድፉ አንዳንድ ትንሽ መብራት አደረግሁለት። ሁለት ቁልፍ መብራቱን ወደ ላይና ወደ ታች ይወስዱታል። ሀ ላይ፣ ለ ላይ፣ ሐ ላይ እያለ የፈለገው ፊደል ዘንድ ሲደርስ ከሰባቱ ቁልፎች አንዱን ይጫናል፤ ሰባቱ ለሰባቱ ቤት ናቸው። አንዱ ቃል ይለያል፣ አንዱ ያጠፋል። ለሁለት ጣት ይበቃል። አባዬ ጣውላውን እያሻሸ ፈገግ አለ፤ ከታመመ ወዲህ የመጀመሪያው ነው።

አንድ ነገር ብቻ እንቢ አለኝ። ቦርዷን ስሰካት ኮምፒውተሩ አንድ ዕቃ ተሰክቷል ይላል፣ ኪቦርድ ነው ግን አይልም። መብራቶቹ ይሄዳሉ፣ ገጹ ላይ አንዲት ፊደል አትወጣም። ፕሮግራሙን ሰባት ጊዜ ጻፍኩት። ብየዳውን ፈትቼ ደገምኩት። ሁለተኛዋም ያው ናት። መቼም ሁለቱም አብረው አይበላሹም፤ እጄ ነው። አባዬም የጠበቃውን ማሽን ያቃጠለ ጊዜ «ዓይኔ ደክሟል፣ ጥፋቱ የኔ ነው» ብሎ መበየጃውን አስቀመጠ፤ ደንበኛውም በዚያው ራቀ። ዘሩ ነው መሰለኝ፣ እኔም ደከምኩ።

ጠይቀኸኝ ነበር፤ ምን ሊጽፍ እንደሆነ አላውቅም። «መጀመሪያ ለማን ነው የምትጽፈው?» ብዬ ብጠይቀው ግድግዳው ላይ ያለውን ያንተን ፎቶ ጠቆመኝ። በልጅነትህ ብሎን ውጠህ አባዬ ሦስት ቀን ሙሉ ከመጸዳጃ ቤት በር ያልራቀበትን ነገር አንስቼ «የድሮውን ብሎን መልስ ልትለው ነው?» አልኩት። አልሳቀም።

የምታውቀው ዘዴ ካለ ቶሎ ጻፍልኝ።

እህትህ


ጥር 18 ቀን

ለብሎን፣

ሰላም ነህ ወይ? የውሃ ሽታ ሆንክብኝ። ያው ነው፣ አልሠራ ብሎኛል። አባዬ በየቀኑ ጠዋት በዓይኑ ወደ ጣውላው ውሰጂኝ ይለኛል። እወስደዋለሁ፤ መብራቱን ከሀ እስከ ፐ አውርዶ ይመልሰዋል፣ ገጹን ያያል፣ እኔን ያያል። ሌባ ጣቱ መንቀጥቀጥ ጀምራለች።

እባክህ መልስልኝ።

እህትህ


የካቲት 9 ቀን

ለምወድሽ እታለም፣

ለዘገየሁት ይቅርታሽን። በመጋዘኑ ቆጠራ ስለነበረ መተንፈሻ አጣሁ።

እንደኔ እንደኔ ችግሩ ገመዱ ይመስለኛል። አንዳንድ የዩኤስቢ ገመድ መብራት እንጂ መልእክት አያስተላልፍም። ጥሩውን ልኬልሻለሁ። ካልሆነም ብየዳሽን አንዴ ደግመሽ እይው፤ በእርጋታ ሥሪው። አትቸኩዪ። ጋሼም መታገሥ ያውቃሉ።

ለጋሼ ሰላምታዬን አድርሺልኝ።

ብሎን


መጋቢት 15 ቀን

ለብሎን፣

ሰላምታ አልሰጥህም።

ጥፋቱን ያገኘው አባዬ ነው። ትናንት ከሰዓት በኋላ የላክኸውን ገመድ ሰክቼ ያው ሲሆንብኝ ቦርዷን ጠረጴዛው ላይ ወርውሬ አለቀስኩ። አባዬ የማጉያ መነጽሩን በአገጩ አመለከተኝ። ዓይኑ ላይ አደረግሁለት፣ ቦርዷን አስጠጋሁለት። አገላብጬ ሳሳየው ቆይቶ ጣቱን የዩኤስቢው መሰኪያ አጠገብ ያለች አንዲት ሚጢጢ ቺፕ ላይ አሳረፈ። አላነሳም አለ። ቦርዷን ይዤ አንድ የቴክኒክ ትምህርት ቤት መምህር ዘንድ ሄድኩ። መምህሩ አንዴ አይቶ ሳቀ። «ይቺ አስተርጓሚ ናት። ይህ ቦርድ ከኮምፒውተር ጋር በራሱ አፍ አይነጋገርም፤ በሷ በኩል ነው። እንደዚህ ሆኖ ሺህ ዓመት ብትበይጂው ኪቦርድ አይሆንም። አንቺ የምትፈልጊው መንትያውን ነው፤ መልካቸው አንድ ስለሆነ ያልለመደ ሰው አይለያቸውም» አለኝ።

ያልለመደ ሰው!

አንተ በቀን አራት መቶ ሳጥን የምታነሳ ሰው ነህ። ስትሳሳት ሁለቴ የምትጮህ ነገር ክንድህ ላይ ታስሯል። ቁጥሩን በወረቀት ጽፌ ሰጥቼህ ነበር። ተሳሳትክ እንበል፤ ሰው ይሳሳታል። ግን ቆጠራ ላይ ነበርኩ ብለኸኛል። ቆጠራ ማለት የየሳጥኑን ቁጥር ማየት አይደለም እንዴ? አውቀህ ነው ገመድ የላክህልኝ? አውቀህ ነው «ብየዳሽን ደግመሽ እይው» ያልከኝ? ሦስት ወር ሙሉ እጄን ስሰድብ ነው የከረምኩት።

የአባዬ ሌባ ጣት ከሰኞ ጀምሮ አትታጠፍም። አውራ ጣቱ ብቻ ቀርቷል።


መጋቢት 30 ቀን

ይድረስ ለእታለም፣

ሰላምታሽን የነፈግሽኝ እውነትሽን ነው። ሰላም ግን ላንቺ ይሁን።

አውቅ ነበር። ባነሳኋቸው ቀን አላወቅሁም፤ ያን ቀን ተጣድፌ ነበር፣ ከሥራ ሰዓት ውጪ ስለሆነም ክንዴ ላይ ያለችው ተፈትታ ነበር። ሳጥኖቹ ጎን ለጎን ናቸው። በሳምንቱ የጎደለ ሲቆጠር ከግራው ሳጥን ሁለት ጎደለ፣ የቀኙ ሙሉ ነው። በዚያው ሰዓት ገባኝ። ልጅቷ ገና አልተሳፈረችም ነበር፤ አንዲት ስልክ ትበቃ ነበር።

አልደወልኩም። ነገ እላለሁ፣ ነገ ይመጣና ከነገ ወዲያ እላለሁ። ከዚያ ወደ ፎቶዬ እንደጠቆሙ ጻፍሽልኝ። ያን ሳነብ ወረቀቱ እጄ ላይ ከበደኝ። ጋሼ አንደበት ካገኙ ምን እንደሚሉኝ ፈራሁ። ምን እንዳደረግኩ አትጠይቂኝ፤ ልጽፈው ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። ገመዱን የላክሁት ሌላ አንድ ወር ለመግዛት ነው። ዓይኔን በጨው አጥቤ እጅሽን አሳማሁት፤ እጅሽ ምንም የለበትም።

ትክክለኛዎቹን ሁለት ቦርዶች በፈጣኑ መልእክት ልኬአለሁ። ቁጥሩን ሦስት ጊዜ አይቻለሁ። ሌላ አሻጊ እንዲያይልኝ እንኳ ለምኜ ነበር፤ «ምን ነካህ፣ ቦምብ ነው የምትልከው?» አለኝ።

ጋሼ ይጻፉ። የፈለጉትን ይበሉኝ።

ብሎን


ሰኔ 2 ቀን

ለወንድሜ ለብሎን፣

ሰላም ይድረስህ። ቁጣዬ አልበረደም፤ ቢሆንም ወንድሜ ነህና እጽፍልሃለሁ።

ዕቃው ቀረጥ ላይ ቆይቶ ሚያዝያ 26 ደረሰ። ሁሉ ነገር ተዘጋጅቶ የጎደለችው ቦርዷ ብቻ ስለነበረች በሦስት ቀን ጨረስኩ። ስሰካት ኮምፒውተሩ ወዲያው ኪቦርድ ነው አለ። አባዬ አውራ ጣቱን አንስቶ መብራቱን አንድ ረድፍ ወደ ታች አወረደና የመጀመሪያውን ቁልፍ ተጫነ። ገጹ ላይ «ለ» ወጣች። ሁለታችንም አለቀስን።

ሁለት ሳምንት ተለማመደ። «ውሃ» ይላል፣ «መስኮት» ይላል፣ አንድ ቀን «ፀጉርሽን አበጥሪ» አለኝ። ከግንቦት 13 ጀምሮ ግን እኔን ከክፍሉ እያስወጣ አንድ ነገር ይጽፍ ጀመር። በቀን ሦስት ቃል፣ ሲበዛ አራት። በአንድ አውራ ጣት ሌላ ምን ይሆናል? ግንቦት 24 ላይ ጣቱ ቆመ። በማግሥቱም አልተንቀሳቀሰም።

የጻፈው ላንተ ነው። አይቼዋለሁ፤ ስለ እሱ ምንም አልልህም። በወረቀት ገልብጬ ልልክልህ ነበር። ግን የት የት እንደሚሳሳት ለማወቅ ብዬ ቦርዷ እያንዳንዱን ንክኪ ከነሰዓቱ እንድትመዘግብ አድርጌ ነበር። ወረቀት ላይ ያጠፋው አይታይም። ስለዚህ ያን ሁሉ ሁለተኛዋ ቦርድ ላይ ገልብጬ ልኬልሃለሁ። ጠይቄዋለሁ፤ ዓይኑን ጨፍኖ ገለጠ፣ እሺ ማለቱ ነው። የአማርኛ መጻፊያውን አብራ፣ ባዶ ገጽ ክፈት፣ ሰካትና እጅህን ሰብስበህ ተቀመጥ። አባዬ እንደጻፈው በራሷ ትጽፍልሃለች። ከደቂቃ የበለጠውን ዝምታ ሁሉ ወደ አንድ ደቂቃ አሳጥሬዋለሁ፤ አለዚያ አሥራ አንድ ቀን መቀመጥህ ነው።

ፕሮግራሙንም በሦስት ገጽ ወረቀት አትሜ ከቦርዷ ጋር አድርጌልሃለሁ። ምናልባት እጅህን ካሳከከህ ብዬ ነው።

ስለ አባዬ ጤና በሌላ ጊዜ። አሁን ምንም አትላክልኝ፣ ምንም አልፈልግም።

እህትህ


ሐምሌ 6 ቀን

ይድረስ ለእታለም፣

ጤና ይስጥልኝ። የላክሽው ሰኔ 19 ደረሰኝ። አንድ ቀን ሙሉ ትራስ ሥር አስቀመጥኳት። በእረፍት ቀኔ ጋጋሪው ሲወጣ ጠብቄ፣ መስኮቱን ከፍቼ፣ ሰካኋት።

መጀመሪያ «ብሎን» አለች። ቀጥላ «ለምን» አለች። ቆመች። አንቺ ያሳጠርሽው አንድ ደቂቃ ነው፤ በእውነቱ ስንት ሰዓት እንደነበረ አንቺ ነሽ የምታውቂው። ከዚያ ን ጠፋች፣ ም ጠፋች፣ ለ ጠፋች። በቦታው «ደህና ነህ» ተጻፈ።

ከዚያ ያለውን አይተሽዋል፤ እኔ ግን ልድገመው። «ቀይዋን ማዞሪያ የነካኸው አንተ ነህ። ያን ቀን አውቄያለሁ። ብሩሹ አንተ እጅ ነበር።»

እውነት ነው እታለም። የጠበቃውን የኤሌክትሪክ ጽሕፈት መኪና ጀርባ በብሩሽ ስጠርግ ነበር። የኤሌክትሪኩን መጠን የምትመርጠው ቀይ ማዞሪያ ከቦታዋ ተንሸራተተች፤ ሳትዛነፍ አትቀርም ብዬ አየኋት፣ ትክክል ናት ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ጋሼ ሲሰኩት ጢሱ ጣራ ነካ። ጠበቃው ሲጮህ እሳቸው አንገታቸውን ደፍተው «ዓይኔ ደክሟል፣ ጥፋቱ የኔ ነው» አሉ። ብሩሹን ይዤ እዚያው ቆሜያለሁ። አንድ ቃል አልወጣኝም። ሰው ሁሉ ዓይናቸው ጠፍቷል ብሎ ሲርቃቸው፣ እሳቸውም መበየጃ ማንሳት ሲተዉ፣ አይቼ እንዳላየሁ ሆንኩ። ከዚያ አገር ለቀቅሁ። ጋሼ በዓይናቸው ተስፋ የቆረጡ ይመስለኝ ነበር። ለካስ ዓይናቸው ሁሉንም አይቷል።

«የኔ ጥፋት ነው ያልኩት አይ የኔ ነው እንድትል ነው። ጠበቅኩ።»

ከዚህ በኋላ «ተቀይሜ» ብለው ጀመሩ። ሜ ጠፋች፣ ይ ጠፋች፣ ቀ ጠፋች፣ ተ ጠፋች። ቆዩ። «ናፍቀኸኛል» አሉ። ወረቀት ብትልኪልኝ ኖሮ መናፈቃቸውን ብቻ ነበር የማነበው፤ ቅያሜያቸውን አጥፍተው እንደጻፉት አላውቅም ነበር። «አሁን አትንገረኝ። ና።» ካሉ በኋላ «ስትመጣ» ብለው ጀመሩ፤ እዚያ ላይ አበቃ። ስመጣ ምን እንደሆነ ብዙ አሰብኩ።

አትንገረኝ ብለውኛል፤ እኔ ግን ልነግራቸው ነው። በደብዳቤ አይደለም። ከመጋዘኑ ከተጣሉ ዕቃዎች አሥራ አንድ ቁልፍ ለቃቅሜ፣ ያንቺን ሦስት ገጽ እያየሁ፣ እንደ እሳቸው ጣውላ ላይ ተከልኩ። መበየጃ ከያዝኩ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ እጄን ሁለት ቦታ ተቃጠልኩ። እንደ እሳቸው በአንድ አውራ ጣት ብቻ ጻፍኩላቸው። ያጠፋሁትም አለበት፣ ይዩት። የኔን ንክኪ የመዘገበችውን ሌላ ቦርድ ከዚህ ጋር ልኬአለሁ። አልጋቸው አጠገብ ሰኪላቸው፤ ጮክ ብለሽ አታንብቢ፣ ራሳቸው ያንብቡ። ፈቃድ ጠይቄያለሁ፤ በነሐሴ አጋማሽ እመጣለሁ።

ጣታቸው እንዴት ነው? ስለ ጤናቸው በሌላ ጊዜ ብለሽኝ ነበር።

ብሎን


ሐምሌ 30 ቀን

ለወንድሜ፣

ሰላም ላንተ ይሁን። ቁጭ ብለህ አንብበው።

አባዬ ያረፈው ሰኔ 11 ቀን ነው፤ ያቺን ቦርድ ከላክሁልህ በዘጠነኛው ቀን። አንተ ትራስህ ሥር ስታደርጋት እሱ ከተቀበረ ሳምንት አልፎት ነበር። በጠዋት ነው፣ አልተጨነቀም።

ያኔውኑ ልጽፍልህ ወረቀት አውጥቼ ነበር። ግን መሞቱን ካወቅህ መልስ አትጽፍለትም ብዬ ሰጋሁ። አንድ ጊዜ እንኳ ሳትናገረው እንዳይቀር ፈለግሁ። ስለዚህ እኔም አንድ ወር ከምናምን ዝም አልኩህ። ባንተ እየተናደድኩ ያንኑ አደረግሁ፤ ይቅር በለኝ።

አንድ ነገር ሳልነግርህ ማለፍ አልችልም። የመጀመሪያዎቹ ቦርዶች ትክክለኞቹ ቢሆኑ ኖሮ አባዬ ታኅሣሥ ላይ ይጽፍ ነበር። ታኅሣሥ ላይ ሁለት ጣት ነበረው። «ስትመጣ» የምትለውን ይጨርሳት ነበር፤ መልስህንም ያነብ ነበር፤ አንተም ትደርስበት ነበር። አራት ወር ነበረን ብሎን። ይህን የምልህ ልወቅስህ ብዬ አይደለም፤ ብቻዬን ልሸከመው ስላቃተኝ ነው።

ቦርድህ ትናንት ደረሰች። ጣውላውን ከአባዬ ጠረጴዛ ላይ አላነሳሁትም ነበር፣ ወንበሩም እዚያው ነው። አጠገቡ ቁጭ ብዬ ባዶ ገጽ ከፈትኩና ሰካኋት። «ጋሼ እኔ ነኝ የነካሁት» ብለህ ጀመርክ። አላቆምክም፣ አንዲት ፊደል አላጠፋህም። ከዚያ ቆመች። በጣም ቆየች። ብየዳው ለቀቀ ብዬ እጄን ሰድጄ ነካሁት። ብየዳው ደህና ነው፣ ጎበዝ፣ አጥብቀህ ነው የበየድከው። ዝም ያልከው አንተ ነህ። ከዚያ ቀጠልክ፣ እስከ መጨረሻው አነበብኩልህ። ያጠፋኸውንም አየሁ፤ ለሰው አልናገርም።

ሲያልቅ ነቀልኳት። ትንሽ ቆይቼ ደግሜ ሰካኋት፤ እንደገና ከመጀመሪያው «ጋሼ እኔ ነኝ» አለች። ዘጠኝ ዓመት አልወጣ ያለህ ቃል አሁን በሰካሁት ቁጥር ይወጣል። የሚያነበው ሰው ብቻ ነው የሌለው።

በነሐሴ ና። ከአውሮፕላን ስትወርድ አውቶቡሱ በራችን ድረስ ያመጣሃል።

እህትህ